ከአንድ ትሪ እየበሉ ጨው መነስነስ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ የተሰጠው ለጨው ነው። ለጨው ነስናሹ የተሰጠ ምክር ግን እስካሁን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ በዚህች ገጽ ስለ ነስናሹ ጥቂት ልበል። «የሚጻፍ ርዕስ አጣህ እንዴ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግዴለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

እስቲ ከግቢ ወጣ ብላችሁ አንዱ ምግብ ቤት ግቡ። ጠረጴዛው ላይ ከስቴኪኒው አጠገብ ክዳኑ የተበሳሳ ትንሽ ብልቃጥ ታገኛላችሁ። ውስጡ ጨው አለ፤ ጨዉ እንዳይረጥብ ደግሞ ጥቂት የሩዝ ፍሬ ጣል ተደርጎበታል። ረከስ ያለው ቤት ከሆነ ብልቃጡም የለም፤ ጨዉ ክዳን በሌለው ስኒ ይቀመጥና ሁሉም በጣቱ ይዘግናል። ሦስት ሆናችሁ በያይነቱ አዘዛችሁ እንበል። ትሪው ገና ከመቀመጡ፣ አንድም ጉርሻ ሳይቀመስ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ብልቃጡን አንስቶ ከዳር እስከ ዳር ይነሰንሰዋል። የቀራችሁት ሁለታችሁ ዝም ትላላችሁ። ምን ይባላል?

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ከአንድ ትሪ በሚበላበት ገበታ ላይ ጨው መነስነስ የግል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ የጨው እቃው ከጠረጴዛው ላይ ተነስቶ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቅ ብቻ ቢቀርብ ይሻላል።

የጨው እቃ ገበታ ላይ የወጣው ሌላ ዓይነት አበላል ባለበት አገር ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ትልቁ የጨው እቃ የሚቀመጠው ከጌታው ፊት ነበር፤ ከጨው በላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው፣ ከጨው በታች የተቀመጠ ተራ ሰው ይባል ነበር። ጣሊያናዊው ቀራጺ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1543 እ.ኤ.አ. የጨረሰው የወርቅ የጨው እቃ ዛሬ ቪየና በሚገኝ ሙዚየም ይታያል። በ2003 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ በ2006 እ.ኤ.አ. መገኘቱ ትልቅ ዜና ነበር። ዘመን ሲለወጥ እቃው አነሰ፣ ረከሰ፣ በየቤቱም ገባ። በአሜሪካ ሞርተን የተባለው ኩባንያ በ1911 እ.ኤ.አ. ጨው እርጥበት እንዳያጓጉለው ማግኒዥየም ካርቦኔት መጨመር ጀመረ፤ እንዲህ ያለው ጨው በቀዳዳ ክዳን በቀላሉ ይፈስሳል። በዚያ ሁሉ አገር ግን እያንዳንዱ ተመጋቢ የራሱ ሳህን አለው። ነስናሹ የሚያበላሸው የራሱን ምግብ ብቻ ነው።

የእኛ ገበታ እንደዚያ አይደለም። እኛ ጋ የጨው ጉዳይ የሚያልቀው ጓዳ ነው። ወጥ ሠሪዋ በማማሰያው ጫፍ ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ ትቀምሳለች፣ ከጎኗ ላለችውም ታስቀምሳለች፣ ከዚያ ድስቱ ይወጣል። ጨው በአገራችን ክብሩ ትልቅ ነበር፤ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበይ ነበር። ሆኖም መሶብ ላይ ለብቻው ወጥቶ ሁሉም እንደፈለገ አይነሰንሰውም። ለነገሩ ምን ያስፈልጋል? በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሚጥሚጣው ጨው አለበት፣ አዋዜውም አለበት። ብልቃጡ የሚጨምረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

«አንድ ቁንጢ ጨው ማንን ገደለ?» ይባል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ በወጥ፣ በዳቦና በሌላው ሁሉ የሚገባውንም ይጨምራል። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የዓለም ሕዝብ አማካይ ፍጆታ 10.8 ግራም ነው፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲበዛ በሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ በስትሮክ፣ በልብ ወይም በኩላሊት በኩል ይመጣል።

አባቴ የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆናቸው። ቤት ውስጥ እናቴ ጨው ስለቀነሰች ችግር የለም። ችግሩ ውጪ ነው። ታላቅ እህቴ የተመረቀች ዕለት ምግብ ቤት ገብተን፣ አንድ ዘመዳችን በደስታ ብልቃጡን አንስቶ ትሪውን በሙሉ ነሰነሰው። አባቴ እንግዳ ፊት «ጨው ተከልክያለሁ» ብለው አይናገሩም፤ ይሉኝታ አለባቸው። ከዳር ከዳሩ እየቆረሱ ትንሽ ቀማመሱና «ጠግቤያለሁ» አሉ። ዘመዳችን ክፉ ሰው አይደለም። ብልቃጡ ፊቱ ስለነበረ አነሳው፣ በቃ። እቃው እዚያ ባይኖር ኖሮ አስተናጋጁን መጥራት ነበረበት፤ እስኪመጣለት ድረስም ምግቡን ይቀምስ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው «የካፌው ወጥ አልጫ ነው፣ ያለ ጨው አይበላም» የሚለው ነው። እውነት አለበት። ግን መፍትሔው ወጥ ቤቱ በልክ ጨው እንዲጨምር መጠየቅ ነው እንጂ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ በየሳህኑ በግምት እንዲነሰንስ መተው አይደለም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ የአዮዲን ጉዳይ ነው። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይመጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲጎድል ደግሞ የልጁ አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አዮዲን በሙቀት ስለሚቀንስ «ጨው ወጡ ከበሰለ በኋላ ይጨመር» ይባላል። «ታዲያ ጠረጴዛ ላይ ቢጨመር ምን አለ?» የሚል ይኖራል። ከበሰለ በኋላ ማለት ግን ድስቱ ሊወጣ ሲል ማለት ነው፤ ያንን ወጥ ሠሪዋ ታደርገዋለች። ደግሞስ አዮዲን በእርጥበትና በብርሃንም ይቀንሳል። ክዳን በሌለው ስኒ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እርጥብ ጣት የሚገባበት ጨው ለአዮዲን የሚመች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጨው መቀነስና ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው ይላል።

ይህ ሐሳብ ሌላ አገር ተሞክሯል። በአርጀንቲና የቦነስ አይረስ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. የጤና መሥሪያ ቤቱና የምግብ ቤቶች ማኅበር ተስማምተው የጨው እቃ ከጠረጴዛ ላይ እንዲነሳ አድርገዋል። ጨው የጠየቀ ደንበኛ ይቀርብለታል፤ የተከለከለ ሰው የለም። እነሱ እያንዳንዱ ከየሳህኑ እየበላ ይህን ካደረጉ፣ ከአንድ ትሪ የምንበላው እኛማ ይበልጥ ይገባናል።

ለእኛ ግቢ የምለው ቀላል ነው። የመመገቢያ አዳራሹ ጨው ከየጠረጴዛው ይነሳና ምግብ በሚታደልበት ቦታ፣ ክዳን ባለው እቃ፣ ከደረቅ ማንኪያ ጋር ይቀመጥ። የፈለገ ሄዶ ሳህኑ ላይ ያድርግ። በአካባቢያችን ያሉ ምግብ ቤቶችም ጨዉን ሲጠየቁ ያቅርቡ። እስከዚያው ድረስ እኛ ተማሪዎች የማንንም ፈቃድ ሳንጠብቅ የምናደርገው አለ። መጀመሪያ እንቅመስ። ጨው ካነሰን ቁንጢዋን በየፊታችን፣ እንጀራው ዳር ላይ እናድርግና እያጠቀስን እንብላ። መሐሉ ላይ መነስነስ ካማረን ደግሞ አብሮን ያለውን «ጨው ልጨምር?» ብለን እንጠይቅ። ከጓደኞቻችሁ አንዱ «ለእኔ ይቅርብኝ» የሚለው የዚያን ጊዜ ነው፤ ካልተጠየቀ ግን እንደ አባቴ ዝም ብሎ «ጠግቤያለሁ» ይላል።