ፊደል ሳይለዩ አራተኛ ክፍል



ባለፈው ክረምት ከአሰላ ወደ ቤተሰቦቼ መንደር በወጣሁ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ መጽሐፉን ይዞ መጣና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ምንባብ አንዴም ሳይደናቀፍ ወረደልኝ። ወደ 4ኛ ክፍል ተዛውሮ ስለ ነበር እናታችን እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ዐይኑ ከገጹ ላይ አለመሆኑን አይቼ እነዚያኑ ቃላት ቦታቸውን አለዋውጬ በደብተር ጻፍኩለት። ልጁ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ሲሸመድድ ኖሯል።

ነገሩ የአንድ ልጅ ስንፍና ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣሁት። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ተደናገጠ፤ ወቀሳው ግን በ12ኛ ክፍል ላይ ቀረ። የአርሲ ገበሬ አረሙን በቡቃያው ይነቅላል፤ እኛ በአጨዳ ጊዜ እንነቅላለን።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ሳይወድቁ እንዲዛወሩ ያደረገው በመልካም አሳብ ነው። በሰባት ዓመቱ «ወድቀሃል» የተባለ ልጅ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳልና። ነገር ግን ዝውውሩ ከተከታታይ ምዘናና ከእገዛ ጋር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። በብዙ ቦታ ዝውውሩ ቀረና እገዛው ተረሳ።

እንግዲህ ትምህርቱን እናክብደው? በየከተማው የአራት ዓመት ሕፃን ከቁመቱ የሚበልጥ ቦርሳ አሸክመው እንግሊዝኛ የሚያስጽፉ አሉ። የፊንላንድ ልጅ ግን አንደኛ ክፍል የሚገባው እንደኛው በሰባት ዓመቱ ነው። ደግሞም ከአሰላ አጠገብ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየቀኑ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ብርድ ያን ያህል መንገድ ለሚመጣ ልጅ የትምህርት ዐይነት መደራረብ ግፍ ነው። ይልቅ ትምህርቱ ይነስ፤ ማንበብና መቁጠር ግን በጥብቅ ይያዝ።

ጥብቅነት ሲባል አለንጋ ማለቴ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ «ሀ ሁ»ን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚቆጥረው ፊደሉን በዜማ ሳይሆን በመልኩ መለየቱ እንዲታወቅ ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ ላይ ያለውን ሳያውቅ ሉሑ አይታጠብም። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የትምህርት ቤቱ ብልህ መምህር ለ1ኛ ክፍል ይሰጥ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ብቻውን ለመምህሩ ያንብብ፤ ያቃተው ክፍል እንዲደግም ሳይደረግ በክረምት ይረዳ። ሦስተኛው የእኛ ድርሻ ነው። መምህራን «ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘን እንዴት አንድ በአንድ እናዳምጥ?» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በቄስ ትምህርት ቤት ታላቁ ታናሹን ያስቆጥር የለምን? በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ አገልግለዋል። እኛ የክረምት ሁለት ወር እንንፈግ?

ወንድሜን በየማታው ግማሽ ሰዓት አስነበብኩት። በጳጉሜን የገበያ ቀን አብረን ስንሄድ ከአንድ ሱቅ ፊት ቆመና ታፔላውን ፊደል በፊደል አነበበልኝ። ያን ታፔላ ማንም አላስሸመደደውም።