ላፕቶፑ አልተኛ ቢል ማንን እንውቀስ?

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ምግብ ቤቱ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓትና ስለ ውኃው መጥፋት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም መጻፉ አይቀርም። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ያነሰ ይመስላል፤ ሆኖም ከመካከላችን አንዱን የዓመት ልፋቱን አጕድሎበታል። ይኸውም ሊኑክሳቸው ወደ አዲስ እትም ከተሸጋገረ በኋላ አልተኛ፥ ወይም ተኝተው አልነቃ ስለሚሉት ላፕቶፖቻችን ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ጓደኛችን ላፕቶፑን የገዛው አምና ከተመረቀ ተማሪ ላይ ነው። ሊኑክስ ተጭኖበት ነበር፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፥ ሲከፈት ይነቃል፤ ሁለት ሌሊት ተኝቶ ቢያድር እንኳ ባትሪው እምብዛም አይጐድልም ነበር። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት መኝታ ክፍል ይህ ምን ያህል ጥቅም እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያስረክብበት ሳምንት ግን አዲስ እትም መጥቷል የሚል ማስታወቂያ ቢያይ፥ አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ መስሎት «እሺ» አለው። በማስረከቢያው ዋዜማ ባትሪውን ሞልቶ፥ ክዳኑን ዘግቶ በቦርሳው ውስጥ አኖረው። ሲነጋ ቦርሳውን ቢከፍት የላፕቶፑ ሙቀት ገና አልበረደም፤ ባትሪው ግን አልቋል። መብራት የለም፤ በፍላሽ የተቀዳ ግልባጭም የለም። ሰዓቱ አለፈ፤ ከማርኩም ተቀነሰበት።

በመኝታ ክፍላችን የተሰጠው ፍርድ ፈጣን ነበር። አንዳንዶቻችን «በነፃ የተሰጠ ነገር ተጠያቂ የለውም» አልን። ሌሎቻችን ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስ እንጫንበት አልን። ጥገና ቤት ብንወስደው ደግሞ ሠራተኛው መሣሪያውን እንኳ ሳያበራ «ፎርማት ይደረግ» አለን። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጎፈሬ» እያልን በክርክር ሁሉ የምንጠቅሰው እኛ፥ አንድ ቃል ሳናጣራ የሞት ፍርድ ፈርደን ነበር ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዲት እኅት ብቻ «የጻፈውን አንብባችኋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ አሳፈረን፤ ላፕቶፑ ይጽፋል ብለን አስበን አናውቅም ነበርና። ሊኑክስ ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ የሚሠራውን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባል። ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ያለፈውን ቀን መዝገብ እንኳ አውጥቶ ያሳያል። በዚያ መዝገብ መጨረሻ መሣሪያው ወደ እንቅልፍ መግባቱ፥ የገባበትም የእንቅልፍ ዓይነት ተጽፎ አገኘን።

ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለውና። በጥልቁ እንቅልፍ፥ ኤስ3 በሚባለው፥ የተጀመረውን ሥራ የያዘው ራም ብቻ ጥቂት ኃይል ያገኛል፤ ሌላው ክፍል ከሞላ ጐደል ይጠፋል። በቀላሉ እንቅልፍ፥ ኤስቱአይድል በሚባለው፥ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ የሚቀሰቅሰው ነገር ካለ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ባትሪውን ይበላል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ጥልቁ እንቅልፍ ከፋብሪካው ጀምሮ ቀርቷል። በጓደኛችን ላፕቶፕ ግን ሁለቱም አሉ። ሊኑክስ ሜምስሊፕ በምትባል ትንሽ ፋይል የሁለቱን ስም ጽፎ የተመረጠውን በቅንፍ ያስቀምጠዋል፤ ቅንፉ ያረፈው በቀላሉ ላይ ነበር።

አስቀድመን የጠረጠርነው የሥርዓቱ እምብርት የሆነውን አዲሱን ከርነል ነው። ነገር ግን አሮጌው ከርነል ከመነሻው ዝርዝር ውስጥ አልወጣም ነበርና በእርሱ አስነሥተን ብንሞክር ጥፋቱ ያው ሆነ። ከርነሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ቀጥሎ የግራብን፥ ማለትም ሥርዓቱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፥ የማዘዣ ፋይል ስንመለከት ምሥጢሩ ተገለጠ። የቀድሞው ባለቤት «ጥልቁ እንቅልፍ ይመረጥ» የምትል አንዲት ቃል በዚያ ጽፎ ኖሯል። በሽግግሩ መካከል ሥርዓቱ «ይህ ፋይል ተለውጧል፤ የራስህን ታስቀራለህ ወይስ አዲሱን ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ጓደኛችን ሳያነብ አዲሱን ወሰደ። አሮጌው ፋይል ግን አልተጣለም፤ በስሙ ላይ ቅጥያ ተጨምሮበት በጎን ተቀምጧል። ቃሏን መልሰን ጻፍን፥ ግራብን አደስን፥ እንደገና አስነሣን። በዚያ ሌሊት ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ አደረ፤ ሲነጋም ባትሪው ማታ ከነበረበት ብዙም አልወረደም።

ይህ መድኃኒት ለሁሉ በሽታ ነው ማለታችን አይደለም። ላፕቶፑ ሲነቃ መስኮቱ ጨለማ ሆኖ የካፕስ ሎክ መብራት ግን ሲነካ የሚበራ የሚጠፋ ከሆነ፥ ከርነሉ ሕያው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ከአዲሱ ከርነል ጋር ያልተስማማ የስክሪን ድራይቨር ነው። በራሱ ጊዜ የሚነቃ ከሆነ ደግሞ ሊቀሰቅሱት ከተፈቀደላቸው ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ፥ ምናልባት የማውስ መቀበያ፥ ተፈልጎ ይገኛል። በሽታው ሳይታወቅ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ፎርማት ከማድረግ አይሻልም።

እንግዲህ ማንን እንውቀስ? ጓደኛችንን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። ጥያቄው የመጣው በእንግሊዝኛ፥ በደረቅ ቋንቋ፥ ሥራው ተጋምሶ ሳለ ነው። የቀድሞው ባለቤትም ያን የመሰለ እውቀት ይዞ ሲመረቅ አንዲት መስመር ማስታወሻ አልተወለትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ወቀሳው ለእኛ ለሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነው። ምንጩን ሳታዩ አትፍረዱ፥ የኅዳጉን ጽሑፍ አትዝለሉ ተብለን ተምረናል፤ የላፕቶፑን መዝገብ ግን «ይህ የኢንጂነሮች ነው» ብለን ሸሸነው። መዝገቡ ግን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍም የሚያነበው ለደፈረ ሁሉ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን በሄልሲንኪ ሲጀምር የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሥራውንም ማንም እንዲያየውና እንዲያርመው ከፍቶ ሰጠ። ነፃ መሆኑ ዋጋ ባለመጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ነው። የሚያነበው የጠፋ ክፍት መጽሐፍ ግን ከተዘጋው በምን ይለያል?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፥ በማኅበሩ ቢሮ አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ፤ ላፕቶፑ የታወከበት ሁሉ የላፕቶፑን ዓይነት፥ የቀድሞውንና የአዲሱን እትም፥ የበሽታውን ምልክት፥ የመዝገቡን የመጨረሻ መስመርና የተገኘውን መድኃኒት ከነቀኑ በአማርኛ ይጻፍበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሏል፤ መድኃኒቱን የደበቀ ደግሞ ወንድሙን ይጐዳል። ሁለተኛ፥ በፈተናና በመመረቂያ ወራት ማንም ወደ አዲስ እትም አይሸጋገር። የሚያስቸኩልም ነገር የለም፤ የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትሞች ለምሳሌ ለ5 ዓመት እርማት ይወጣላቸዋል። ሦስተኛ፥ ከመሸጋገሩ በፊት ሥራው በፍላሽ ይቀዳ፤ ሥርዓቱ በመካከል የሚጠይቀው ጥያቄም ሳይነበብ አይመለስ።

ይህ ሁሉ ለጓደኛችን የጐደለውን ማርክ አይመልስለትም። ለሚመጣው ዓመት ተመራቂ ግን ሊጠቅም ይችላል። ማኅበሩ ደብተሩን ይግዛ፤ የመጀመሪያውን ገጽ እኛ ጽፈን እናመጣለን።