የጥበቃ መሣሪያ ባለሙያ ብቃቱ ይመዘን

በቀድሞ ዘመን ሰው ንብረቱን የሚያስጠብቀው በአጥር፣ በውሻና በዘበኛ ነበር። አገርም ድንበሩን በካብ ያስከብር ነበር፤ ከወላይታ ኦሞን ተሻግሮ በዳውሮ ምድር የሚገኘው የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ ግን በባንኩ፣ በመጋዘኑና በሱቁ ካሜራ፣ የማስጠንቀቂያ ደወልና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የበር ቁልፍ ይተከላል። ታዲያ እነዚህን መሣሪያዎች የሚተክለውና የሚጠግነው ሰው ምን ያህል ሠልጥኗል? በእኔ አስተያየት ማንም ሰው ሙያው ሳይመዘንና ምግባሩ ሳይጣራ በዚህ ሥራ ሊሰማራ አይገባም።

የመጀመሪያው ምክንያት የሥራው ጉድለት ቶሎ የማይታይ መሆኑ ነው። ደካማ አጥር ለዐይን ይታያል፤ በስሕተት የተተከለ ደወል ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ሌባ ከገባ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ያልተገጠመለት ካሜራ በጨለማ ጊዜ ጥቅም የለውም። ከውስጥ በቀላሉ የማይከፈት የኤሌክትሪክ በር ደግሞ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ የሰው ሕይወት ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ የኮምፒውተር ፕሮግራም በመላው ዓለም በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ሌሎች መሣሪያዎችን በቁጥጥሩ ሥር ያዋለው፣ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት የይለፍ ቃል ሳይለወጥ በመቅረቱ ነበር። የሠለጠነ ባለሙያ ቢሆን ይህን በጥቂት ደቂቃ ይለውጠው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት አደራ ነው። ባለሙያው ካሜራው የማያየውን ስፍራና የደወሉን መዝጊያ ቊጥር ያውቃል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንዲሉ፣ የሰው ምስጢር በእጁ የገባ ሰው ከእጅ ጥበብ በላይ ጨዋነት ያስፈልገዋል። ካሜራውን ወደ ጎረቤት ግቢ ማዞርም የሌላውን መብት መንካት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው የግል መረጃ እንዲጠበቅ ስለሚያዝ፣ ሥልጠናው የሕግ ትምህርትንም ሊጨምር ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ «ይህ ደንብ ትምህርቱን ያቋረጠውንና ሙያውን በልምድ ያገኘውን ወጣት እንጀራ ያሳጣዋል» ይላሉ። አባባሉ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሃላሌ የሚኖር አንድ ወጣት ራዲዮና ስልክ ሲጠግን እጁን ቢያፍታታ፣ ኮሌጅ አልገባህም ተብሎ ሊገፋ አይገባውም። ሆኖም በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የብቃት ምዘና ለኮሌጅ ምሩቃን ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሥራ ላይ የተማረም ሰው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው ምዘናውን ማስቀረት ሳይሆን ለወጣቱ ማቅረብ ነው። መዛኞች በተወሰነ ጊዜ እስከ ወረዳ ከተሞች ቢወርዱና ክፍያው የወጣቱን አቅም ያገናዘበ ቢሆን፣ ደንቡ በር መዝጊያ ሳይሆን በር መክፈቻ ይሆናል።

ባለንብረቱም ኃላፊነት አለበት። ርካሽ ዋጋ ብቻ እያየ ማንነቱን ለማያውቀው ሰው የቤቱን ምስጢር የሚገልጥ፣ ቁልፉን ለሌባ እንደ ሰጠ ይቈጠራል። በመሆኑም መንግሥት ይመዝን፣ ኮሌጆች ያሠልጥኑ፣ ባለንብረቱም የምስክር ወረቀት ይጠይቅ። መሣሪያ ብቻውን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሙያንና ታማኝነትን ያጣመረ ሰው ነው።