የሕፃናት መንገጭላ ክትትል የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም

ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የክትባት ካርዳቸው ይጠየቃል፤ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና የማየት አቅማቸው ይመረመራል። የመንገጭላቸው እድገት ግን ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚያገኘው ጉድለቱ በፊታቸው ላይ ጎልቶ ሲታይ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ለአንዳንዱ ችግር ደግሞ ይህ የዘገየ ጊዜ ነው።

ምክንያቱ በአጥንት እድገት ላይ ነው። የላይኛው መንገጭላ በላንቃ መሐል የሚገናኙ ሁለት አጥንቶች ያሉት ሲሆን፣ መጋጠሚያቸው በልጅነት ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ጠባብ ላንቃን በማስፊያ መሣሪያ ማስተካከል ይቻላል። እድገት ሲያበቃ ግን ለተመሳሳይ ችግር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የላይኛው መንገጭላ ወደ ኋላ በቀረባቸው ልጆችም፣ ፊት ላይ በሚደገፍ መሣሪያ ወደ ፊት የመሳቡ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በአመዛኙ ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር የመጀመሪያው ምርመራ ከ7 ዓመት ዕድሜ እንዳያልፍ የሚመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጊዜ መመርመር ማለት ግን ሁሉንም ልጅ በጊዜ ማከም ማለት አይደለም። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ወደ ውጭ የወጣ ልጆች ሕክምናውን በጉርምስና ቢጀምሩም ተቀራራቢ ውጤት እንደሚያገኙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቀድሞ የመጀመር ዋነኛ ጥቅም ጥርሶቹ በመውደቅ እንዳይጎዱ ማገዙ ነው። ስለሆነም ጥሩ ሐኪም ማለት ለሁሉም ሽቦ የሚያስር ሳይሆን፣ መታከም ያለበትን መጠበቅ ከሚችለው የሚለይ ነው።

አቡ ዳቢ ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ ቁጥር 23 የጤና መድንን ግዴታ አድርጓል፤ በአል ዓይን የሚገኘው ተዋም ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ሆኖም ጥርስ ማስተካከል በብዙ የመድን ውሎች ዘንድ እንደ ውበት ሕክምና ስለሚቆጠር፣ ወጪው በወላጅ ላይ ይወድቃል። ማኘክን ወይም መተንፈስን የሚያውክ የመንገጭላ ጉድለት ከውበት ጥያቄ ተለይቶ ሊታይ ይገባል። በአንደኛ ክፍል መግቢያ ላይ የልጁን አገጣጠም ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ በመሆኑ፣ ከሌሎቹ የጤና ምርመራዎች ጋር ቢጣመር ተገቢ ነው።

በሁለቱ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ድርሻ አላቸው። «የወተት ጥርስ ይወልቃል» ብሎ ችላ ማለት ትክክል አይደለም፤ የወተት ጥርስ ያለጊዜው ሲወልቅ የቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብባል። በአንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሕፃናትን ድድ ሰንጥቆ ገና ያልበቀለ ጥርስ የማውጣት ልማድም ቋሚውን ጥርስ እስከመጉዳት ይደርሳል። ልጁ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ጣት መጥባቱን ያልተወ ወይም ሲነክስ አገጩ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሐኪሙ «ይቆይ» ቢል ወላጅ አይጎዳም፤ «አልፏል» ሲል ግን የሚጎዳው ልጁ ነው።