ጫጩት ለልጅ ከመግዛታችን በፊት

ንጹሕ ዘር ያላቸውን ዶሮዎች በትርፍ ጊዜ ማርባት ለልጆች መልካም ሥራ ነው። ኃላፊነትን ያስተምራል፤ ለጓዳም እንቁላል ያስገኛል። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያላት ከተማ በመሆኗ፣ በደሴም በኮምቦልቻም ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ጫጩቶቹ በሳምንት ውስጥ ካለቁ የቤቱ ገንዘብ ይባክናል፤ የልጁም ልብ ይሰበራል።

አንዱ ምክንያት ብርድ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ቴርሞሜትር ባይኖር ልጁ ጫጩቶቹን ይመልከት፦ ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ በአጠገባቸው ማኖር ይበጃል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ለቤተሰቡም ሞት ነው።

የፈንግል ክትባት ቀን ከእንስሳት ሐኪም ተጠይቆ በልጁ ደብተር ይጻፍ።

ነጭ ሌግሆርን ከጆሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ነጭ፣ እግሯ ቢጫ ነው፤ እንቁላሏም ነጭ ነው። ዘሯ እንዳይደባለቅ ከራሷ ዘር አውራ ጋር ብቻ ትዋል። እምብዛም ስለማትታቀፍ እንቁላሏን የሐበሻ ዶሮ ትታቀፍላት፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል።

እናቶች ሆይ፣ መኖና ውኃ መስጠቱን ለልጁ እንተውለት። እኛ ግን አስቀድመን ማሞቂያውን እናዘጋጅ፤ ጫጩቱን ከዚያ በኋላ እንግዛ።