«ደሳሳ» ያልኩት ቤት

እኔ የምለው፣ ጭቃ ቤት ምን በድሎን ነው እንዲህ የምናዋርደው? ጥያቄው የመጣው ከራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ የሠራሁትን ዜና «በደሳሳ ጭቃ ቤቶች የሚኖሩ ነዋሪዎች…» ብዬ ጀመርኩ። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ለእረፍት ጎጃም ስገባ በኩራት ለአያቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ «አንተ ልጅ፣ የማንን ቤት ነው?» አለችኝ። የተቀመጥነው እኮ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር!

ያ ቤት እድሜው ከእኔ እድሜ እጥፍ ይበልጣል። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ምርጊቱ ደግሞ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ። አያቴ ስለ ጭቃ ስታወራ ስለ ሊጥ የምታወራ ነው የሚመስለው። ጭድ ይገባበታል፣ ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ሰንብቶ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ለማሞቂያ ወይም ለማብዣ የገባ አይደለም፤ ጭቃው ደርቆ ሲኮማተር እንዳይሰነጣጠቅ አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። ግድግዳው ቀን ሙቀቱን ይጠጣና ማታ ይመልሰዋል። በቀን ፀሐይ ከውጭ የገባ ሰው «እፎይ» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን አባቴ ይህንን ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ተነስቷል። አንድ በሬ ተሽጧል፤ የቀረው በብድር ነው። ለምን ብለው «ከጎረቤት የእኛ ብቻ ቀረ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ታዲያ ይሄ «ሰው ምን ይላል» ከየት መጣ? ከፊሉ ከእኛው ነው ባይ ነኝ። ድህነትን ለማሳየት ስንፈልግ ካሜራችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጭቃ ግድግዳ ነው።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንዘግብ ግን ስለ ግድግዳ ትዝ አይለንም። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይጋገራል። ማገዶው ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ ነው። ጭድና እንጨት ተቃራኒ ናቸው፤ ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን ቤቱ እስከቆመ ድረስ ግድግዳው ውስጥ ይቆያል።

ጨንቻ አካባቢ ያሉት ዶርዜዎችማ ቤታቸውን በቀርከሃ ይሸምኑታል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ቤቱ ትንሽ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል። ብሎኬት ቤት ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ?

ጭቃ ቤት እንከን የለውም አልልም። ዝናብ ሥሩን ይበላዋል፣ ምስጥ ይገባበታል፣ በየጊዜው መለሰን ይፈልጋል። የሚለስኑት ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ የአያቴ ወገብም ከእንግዲህ አይችልም። አባቴ ይህንን ሲነግረኝ መልስ አጣሁ። ፎቅ በጭቃ እንሥራ የሚልም የለም። ግን ከማፍረስና ባለበት ከመተው ውጭ ሌላ መንገድ የለም እንዴ? ቡርኪናፋሶ ተወልዶ ያደገው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ፣ ጋንዶ በምትባለው መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀውን ትምህርት ቤት የሠራው አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ጨምሮ ነው። ጣሪያውን ከግድግዳው አርቆ ስለዘረጋው ዝናቡ ግድግዳውን አይመታውም። የመንደሩ ሰዎች መጀመሪያ ላይ «ጭቃ ክረምት አይችልም» ብለው ተጠራጥረው ነበር። ኬሬ በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ታላቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ይህንን ለአባቴ ነገርኩት። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ይበል፣ ቆርቆሮው ወደ ውጭ ይርዘም፣ ከውጭ በኩል ብቻ ከዝናብ የሚከላከል ልስን ይደረግ፤ ብድሩም ይቀራል አልኩት። «ሽልማት ያገኘው ሰውዬ መጥቶ ይሥራልኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ላይ ግን ሜትር ይዞ የጣሪያውን ጠርዝ ሲለካ አየሁት። «እስቲ ክረምቱ ይውጣና እናያለን» ብሏል።