የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎችን ከጎርፍ የመከላከል ሥራና ፍትሐዊነቱ፤ የባንግላዴሽ ተሞክሮ

ባንግላዴሽ የጋንጀስ፣ የብራህማፑትራና የሜግና ወንዞች ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በሚፈሱበት ዝቅተኛ መሬት ላይ የምትገኝ አገር ናት። እ.ኤ.አ በ1970 በአካባቢው የተከሰተው ብርቱ አውሎ ነፋስ ያስነሳው የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300 ሺህ የሚገመቱ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። እ.ኤ.አ በ2007 ሲድር የተሰኘው አውሎ ነፋስ በደረሰ ጊዜ ግን የሟቾች ቁጥር በመንግሥት መረጃ መሠረት 3 ሺህ 400 ያህል ነበር።

ለዚህ ውጤት መገኘት ከፍተኛ ድርሻ ያበረከተው የአገሪቱ መንግሥትና የቀይ ጨረቃ ማኅበር በጋራ የሚያካሂዱት የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም ነው። በየመንደሩ የተደራጁ በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ነዋሪውንም ወደ መጠለያ ያደርሳሉ።

ይሁንና ማስጠንቀቂያው ለሁሉም እኩል አልደረሰም። እ.ኤ.አ በ1991 በደረሰው አደጋ ከሞቱት 140 ሺህ ያህል ሰዎች መካከል የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውንና ንብረታቸውን ትተው ለመውጣት አልቻሉም፤ መጠለያዎቹም ለሴቶች የተመቹ አልነበሩም። ዛሬ ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሆናቸው ከዚህ የተገኘ ትምህርት ነው።

ሌላው ፈተና የዘላቂነት ጉዳይ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት የአፈር መከላከያ ግድቦች የባሕሩን ጨዋማ ውኃ ቢያግዱም፣ ወደ እርሻው ይገባ የነበረው ደለል በወንዞቹ ውስጥ እንዲከማች አድርገዋል። በዚህም ምክንያት የዝናብ ውኃ መውጫ አጥቶ ማሳዎች ለዓመታት በውኃ ተውጠዋል። እ.ኤ.አ በ1997 በባይና ረግረግ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ግድቡን ቆርጠው የባሕሩን ሙላት በማስገባታቸው መሬቱ በደለል ከፍ አለ፤ የሃሪ ወንዝም ጥልቀቱን መልሶ አገኘ። መንግሥትም አሠራሩን ተቀብሎ በሌሎች ስፍራዎች ተግባራዊ አድርጎታል።

ዘዴው ግን ዋጋ አለው። ደለል እንዲቀበል የተመረጠው ማሳ ለበርካታ ዓመታት ምርት አይሰጥም። ካሳው በመሬት ባለቤትነት ማስረጃ ላይ ሲመሠረት፣ እኩል አራሹና የቀን ሠራተኛው መተዳደሪያቸውን አጥተው ያለ ካሳ ይቀራሉ። ማስረጃውን ማሟላት የሚሳነው አነስተኛ ባለይዞታም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የመከላከል ሥራ ስኬት በግድቡ ርዝመት ብቻ እንደማይለካ ነው። ለብዙኃኑ ደኅንነት ሲባል ማሳው በውኃ የሚሸፈንበት ወገን ማን እንደሆነ፣ ኑሮውስ እስከዚያ በምን እንደሚደገፍ በዕቅድ ደረጃ ካልተወሰነ፣ ነዋሪው ነገ ያንኑ ሥራ ለማደናቀፍ መነሳቱ አይቀሬ ነው።